መዘውሯን ማን ነካት?

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ባድሩን «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም። ጤና ረዳት ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ክሊኒክ ከፈተ፣ ነጭ ጋወን ለበሰ፣ ሰዎች «ዶክተር» ሲሉት ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ዶክተር ሆኖ ቀረ። እኔም ልጅ ሆኜ አፌን ሞልቼ ብዬዋለሁ። የአባቴ የአጎት ልጅ ስለሆነ አጎቴ እያልኩ ነው ያደግኩት። ይህን የምጽፈው እሱን ለማሳጣት አይደለም ብል እዋሻለሁ። ለማሳጣትም ነው። ከሱ ይልቅ የሚያናድዱኝ ግን ሌሎች ናቸው፤ እነሱንም በየተራ አመጣቸዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መንደራችን ከውጫሌ ወጣ ብሎ ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ያህል። እናቴ ዘይቱና መጀመሪያ ሆዷን ታመመች፤ ተቅማጡ በሦስት ቀን ተዋትና ሁላችንም ረሳነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ከምንጭ ስትመለስ እግሯ ከዳት። «እግሬ የኔ አልመስልሽ አለኝ» አለችኝ፤ ጀሪካኑን ተቀበልኳት። በማግስቱ ከመደቡ መነሣት አቃታት። በሦስተኛው ቀን ኩባያ ስሰጣት ከእጇ ወደቀ። ጎረቤቶቻችን መጥተው አንዷ ምች ነው፣ ሌላዋ ዓይን ነው አሉ። አባቴ ኑርዬ ግን አልሰማቸውም፤ በቃሬዛ አስወርዶ መኪና ላይ ጫናትና ደሴ አደረሳት። አባቴን ስወቅሰው ይህንንም አልረሳበትም።

ደሴ ያለው ሐኪም የነገረውን አባቴ መጥቶ ለሰዎች ሲያወራ ሰማሁ። «የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ጠላት መስሎት የገዛ ነርቯን እየወጋ ነው አለኝ» ሲል፣ እኔ በእናቴ ሆድ ውስጥ ዱላ የያዘ ዘበኛ ታየኝ። መድኃኒቱ ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ ነው፤ አምስት ቀን። የሚሠራውም ከሰው ደም ተጣርቶ፣ ያውም ከሺህ ሰው በላይ ደም ተሰብስቦ ነው። አባቴ ይሄ ነገር ከበደውና የመንደራችንን ታላቅ ሰው ሸህ ሀሚዱን ጠየቃቸው። ሸህ ሀሚዱ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ «ነፍስ ለማዳን ከሆነ አላህ ያግራው፤ ሺህ ሰው ሊረዳት መጣ በል» አሉት።

እኔ ይህንን ቃል እንዳለ ወሰድኩት። ሺህ ሰው ሊረዳት እየመጣ ነው። ከየት እንደሚመጡ አላውቅም፤ ግን ለግሸን ንግሥ በውጫሌ በኩል የሚያልፈውን ሕዝብ አይቼ ስለማውቅ፣ ሺህ ሰው መንገድ ሲሞላ ምን እንደሚመስል ይገባኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን መድኃኒቱን ደሴ ወሰደች። በሁለተኛው ቀን ማታ አያቴ አሚናት፣ የእናቴ እናት፣ መንደር ውስጥ እንደጠናባት ተሰማ። እናቴ «እናቴ እየሞተች እኔ ደሴ አልተኛም» ብላ አለቀሰች። ያኔ ነው ባድሩ የገባው። «የቀረውን ሦስት ቀን እኔ ጋ ትውሰዳ። ሐይቅ መንገድ ላይ ነው፤ ሲያልቅላት በመኪናዬ መንደር አደርሳታለሁ። ምን ከባድ ነገር አለው፣ ጉሉኮስ እኮ ነው» አለ። የደሴው ሐኪም እምቢ ብሎ ነበር። «ይህ መድኃኒት ጠባቂ ይፈልጋል፤ ትንፋሿም ሊደክም ይችላል» ብሎ ለአባቴ አስረድቶታል። አባቴ በራሴ ኃላፊነት ብሎ ፈርሞ አስወጣት። ሐኪሙ ሦስት ጠርሙስ መድኃኒት በበረዶ ሳጥን፣ አንድ ወረቀትም በእጁ ጽፎ ሰጠው። ወረቀቱን ባድሩ ተቀብሎ ሳያነበው ጋወኑ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ያነበበችው ፋና ናት።

ሲስተር ፋና በክሊኒኩ ውስጥ ያለች ብቸኛዋ ነርስ ነበረች። የአምባሰል ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ግሸን መውጫው አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ቀጭን፣ ፈገግታ የማታውቅ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ የሚንቋቋ። እናቴን የማስታምም እኔ ነበርኩ፤ አባቴ ሴቶች ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያፍራል። ፋና መጥታ ባድሩን «የሐኪሙ ወረቀት የታለ?» አለችው። ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ከዚያ መድኃኒቱን ከፍሪጅ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ሄደች። እናቴ አልጋ ላይ እየጠበቀች፣ ሺህ ሰው ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ እየጠበቀ፣ እሷ ሄደች። ሲቆይብኝ ጠርሙሱን አነሣሁና እንደ ወተት ቅል ናጥኩት። በሩ ላይ ደርሳ አየችኝ። እጄን ይዛ ጠርሙሱን ነጠቀችኝ። «ወተት መሰለሽ? ይሄ አይናጥም፤ ከተናጠ ይበላሻል። ቅዝቃዜው እስኪለቀው ነው ያስቀመጥኩት። ዳግመኛ ስትነኪ ባይሽ ከዚህ ክፍል አትገቢም» አለችኝ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥታ ውስጡን በብርሃን አየችው። አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ሌላ ሩብ ሰዓት ጠበቀች። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፈች። ያን ቀን ጠላኋት። በቃ፣ ልጅ ሲጠላ እንደሚጠላው።

ስትጀምርም እንዲህ ናት። ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሿን መዘውር በአውራ ጣቷ ነካ እያደረገች፣ በሌላ እጇ ሰዓቷን ይዛ፣ ጠብታ ትቆጥራለች። ጠብ። ቆይቶ ደግሞ ጠብ። «ምነው እንዲህ አዘገምሽው?» ስትላት እናቴ፣ «መጀመሪያ ሰውነትሽ ይልመደው እትዬ ዘይቱና» አለቻት። በየሩብ ሰዓቱ እየመጣች ክንዷን በጨርቅ አስራ ግፊቷን ትለካለች፤ ራስሽን አመመሽ ወይ፣ ብርድ ብርድ አለሽ ወይ፣ ደረትሽን ያዘሽ ወይ እያለች ትጠይቃለች፤ ትጽፋለች። ደህና ከሆነች መዘውሯን ትንሽ ትለቅላታለች። ትንሽ ብቻ።

ውሃ ደግሞ አለ። «ብዙ ውሃ ጠጪ። ይሄ መድኃኒት ኩላሊት ላይ ይከብዳል» ትላታለች። እናቴ ግን ውሃ አትፈልግም። ከጠጣች ሽንት ቤት ሰው መሸከም አለበት፤ ሴት ልጅ ብቻዋን አታነሣትም፣ ወንድ ነው የሚጠራው፤ ያን ከምታይ መሞት ትመርጣለች። ስለዚህ ፋና ውሃውን አስቀምጣ ስትወጣ እናቴ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፤ እኔ ግጥም አድርጌ እጠጣዋለሁ። ፋና ተመልሳ ባዶውን ብርጭቆ ታያለች። «ጠጣች?» ትለኛለች። «አዎ» እላለሁ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ሆዴ እየተነፋ፣ እናቴን ያዳንኳት እየመሰለኝ።

ባድሩ ሌላ ሰው ነበር። ሲገባ ክፍሉ ይሞቃል። ከረሜላ ከኪሱ ያወጣል። «ሰሚሃ፣ ስንት ሰው ገባ ዛሬ?» ይለኛል፤ የሺሁን ሰው ነገር ነግሬው ስለነበር። «እስካሁን አርባ» እለዋለሁ። «ይቺ ፋና በር ላይ ቆማ አላስገባ ብላቸው ነው እኮ» ይለኛል። እናቴ ትሥቃለች። እኔ ግን እውነቴን ነው የያዝኩት፤ ሺህ ሰው በር ላይ ተገትሮ፣ አንድ ክፉ ዘበኛ መዘውሯን ይዛ አንድ አንድ እያለች ታስገባለች።

ሐይቅ ላይ የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ቀን፣ መድኃኒቱ ተጀምሮ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አያቴ አሚናት ማለፏ ተሰማ።

እኛ ጋ ጀናዛ አያድርም። ከዙሁር ሰላት በኋላ ትቀበራለች። ከሐይቅ መንደር ድረስ መኪናውም እግሩም ተደምሮ መንገድ አለ። እናቴ መቃብር እንደማትሄድ ታውቃለች፤ የምትፈልገው ከቤት ሳይወጣ አንዴ ፊቷን ማየት ነው። «ፊቷን ሳላይ አፈር እንዳይጫናት» እያለች ነጠላዋን ትነክሳለች። አባቴ በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ባድሩ አባዱላ መኪናውን አስነሥቶ አቁሟል። ሁሉም የሚያየው ያቺን ጠርሙስ ነው።

ፋናን ጠሯት። «መቼ ያልቃል?»

«ስምንት ሰዓት።»

«በአምስት ሰዓት እንዲያልቅ አርጊው» አላት ባድሩ።

«አይሆንም።»

«ሰው ሞቶባት እኮ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር። ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ላቋርጠውና ሂዱ፤ የዛሬው ይቅር፣ ነገ ከደሴው ሐኪም ጋር ተነጋግረን እንቀጥላለን። ማፍጠን ግን አይሆንም።»

አባቴ ያን ጊዜ «የተከፈተውስ?» አለ። የተከፈተው ይደፋል አለችው። አባቴ ይህንን መድኃኒት ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንቷል፤ ይደፋል የሚለው ቃል አልዋጥልህ አለው። ሁለተኛ ጠየቃት፤ አይሆንም አለች። እናቴ ራሷ ለመነቻት። ፋና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእናቴን እጅ ያዘችና፣ «እትዬ ዘይቱና፣ ካዘዝሽኝ እነቅለዋለሁ። እያወቅሁ ግን አልጎዳሽም» አለቻት። ይህንን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ያኔ የጭካኔ ንግግር ነበር የመሰለኝ።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ እጁን ማጭድ የቆረጠው ሰውየ ገባና ፋና ልትሰፋው ሄደች። ባድሩ መጣ። «ሂጂ አባትሽን መኪናው ጋ ጥሪው» አለኝ። ሮጥኩ። አባቴ መኪናው ጋ የለም፤ ተመለስኩ። ስገባ የባድሩ ጣት መዘውሯ ላይ ነበር። ጠብ ጠብ የሚለው ነገር ክር ሆኖ ይወርዳል። ባድሩ ዞሮ አየኝና ጠቀሰኝ። «ሺሁንም አስሮጥኳቸው» አለኝ።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ። አልጋው ሥር ቁጭ ብዬ ጠርሙሱ ሲጎድል አየሁ። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ባድሩ «አብሽሪ፣ ትደርሻለሽ» ብሏት ወጣ። ትንሽ ቆይቶ እናቴ «ወገቤን» አለች። ዓይኔ ጠርሙሱ ላይ ነው። «ብርድ ብርድ አለኝ፤ ሰሚሃ፣ ጋቢ ደርቢልኝ» አለች። ጋቢ ደረብኩላት። ከንፈሯ ነጣ። ፋና ስትገባ ጠርሙሱን አየች፣ ቱቦውን አየች፣ መዘውሯን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

«ለምን ዘጋሽባት!» ብዬ ጮህኩ። እጇን ነከስኳት። ምልክቱ እስከ ዛሬ ያለ አይመስለኝም፤ ቢኖርም አላሳየችኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም ነገር የመጣው። እናቴ አልጋው እስኪነቃነቅ ተንቀጠቀጠች፣ አስመለሳት፣ ዓይኗ ተገለበጠ። ፋና ሌላ ንጹሕ ጉሉኮስ ሰቀለች፣ መርፌ ወጋቻት፣ ግፊቷን ለካች፣ ደግማ ለካች፤ እግሯን በትራስ ከፍ አደረገች። ባድሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ቆመህ አትየኝ፤ መኪናህን አምጣ፤ ደሴ ነው» አለችው። ለቅሶ ሊወስደን የቆመው አባዱላ እናቴን ደሴ ወሰደ። አያቴን እናቴ ሳታያት ቀበሯት።

ደሴ ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ አሥራ ሁለት ቀን ተኛች። የቀረውን መድኃኒት በስተመጨረሻ እዚያው ሰጧት፣ ቀስ እያሉ፣ እንደ ፋና። በአራተኛው ወር በዱላ ቆመች። ዛሬም ትራመዳለች፤ ኩላሊቷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ እግሯ ያብጣል፣ ጨው አትበላም፣ በየሦስት ወሩ ደሴ ትመላለሳለች።

በዚያው ሳምንት ባድሩ ፋናን አባረራት። «ሰው ልትገድል ነበር፤ መድኃኒት መሐል ላይ ዘግታ ሴትዮዋን አጣደፈቻት» ብሎ በከተማው አስወራ። ፋና ደግሞ ዝም ብላ የምትሄድ ሴት አይደለችም። ሽማግሌ ጠየቀች። «ስሜ ይታጠብልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች። በአገራችን ሽማግሌ ከተጠየቀ አይቀርም፤ ባድሩ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ አምስት ሰው ተቀመጠ። መሪው ሸህ ሀሚዱ ናቸው። አባቴም ከጎናቸው ተቀምጧል። ባድሩ ከወንድሞቹ መሐል ነው፤ ፋና ማዶ ብቻዋን ናት፤ አባቷ ታመው አልመጡም።

እናቴ ደሴ ተኝታለች። ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጠሩኝ። ጠዋት ባድሩ አዲስ ጫማ ገዝቶልኝ ነበር፤ እሱን አድርጌ መሐል ላይ ቆምኩ።

«ልጄ፣ አትፍሪ። እውነቱን ብቻ ተናገሪ» አሉኝ ሸህ ሀሚዱ። «መድኃኒቱን ማን ነው የዘጋው?»

«ሲስተር ፋና።»

«እናትሽ የተንቀጠቀጠችው፣ ያስመለሳትስ፣ ከተዘጋ በኋላ ነው በፊት?»

«በኋላ ነው።»

ከግራ ከቀኝ «በቃ» «በቃ» ተባለ። አንድም ቃል አልዋሸሁም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። የጠየቁኝን ሁሉ በእውነት መለስኩ፤ የጠየቁኝ ግን የሚፈልጉትን ብቻ ነበር።

ፋና ተነሣች። «እኔም አንድ ልጠይቃት» አለች። ወደ እኔ ዞራ፣ ጎንበስ ሳትል፣ እንደ ትልቅ ሰው አየችኝ። «እኔ ከመዝጋቴ በፊት መዘውሯን ማን ነካት?»

የባድሩ ጣት መዘውሯ ላይ ታየኝ። አጠፋ ብዬ አላስብም፤ ደግ ሥራ ነበር እኮ የሠራው። ስለዚህ ልናገር ነበር። «አጎቴ» ብዬ ጀምሬያለሁ። ወላሂ ጀምሬያለሁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሂጂ፣ ውሃ አምጭልን» አለኝ። ሸህ ሀሚዱም «ሕፃን ልጅ አታስጨንቂ፤ የተናገረችው ይበቃል» አሏት። አምስት ትልልቅ ሰዎች «አጎቴ» የሚለውን ቃል ሰሙት፤ አምስቱም፣ አባቴም፣ ምንጣፉን ያዩ ጀመር። ውሃውን ይዤ ስመለስ ፋና ሄዳ ነበር። ዱዓ ተደረገ፤ «አሚን» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሐይቅም ሆነ ውጫሌ የቀጠራት ክሊኒክ የለም። ወሬ እግር አለው፤ ከሷ ቀድሞ ይደርሳል።

አሁን እኔ ራሴ ነርስ ነኝ። ባለፈው ዓመት፣ ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ በተመደብንበት ሆስፒታል፣ ያው መድኃኒት ለአንድ ሕፃን ሲሰጥ ዙሪያውን አቆሙን። የምታስተምረን አንጋፋ ነርስ ጠርሙሱን ከፍሪጅ አውጥታ አስቀመጠችው። በብርሃን አየችው። ቁጥሩን ጻፈች። ጠብታ ቆጠረች። «የሚያስፈራችሁ መድኃኒቱ አይሁን፤ ጥድፊያው ነው» አለችን። «ብርድ ብርድ አለኝ፣ ወገቤን፣ ደረቴን ካለ መጀመሪያ ዝጉ። ከዘጋችሁ በኋላ ሰው ጥሩ። ከዘጋችሁ በኋላም ሊብስበት ይችላል፤ የገባው ገብቷልና አትደንግጡ።» ጓደኞቼ ይጽፋሉ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አዲስ ጫማ አድርጋ «በኋላ ነው» ስትል ታየችኝ።

ቤት ሄጄ እናቴን ጠየቅኋት። «እኔ ነኝ ክፈትልኝ ያልኩት» አለችኝ። «አንች አባትሽን ልትጠሪ ስትወጭ። እናቴን ላያት ብዬ። ከተነሣ ጥፋቱ የኔ ነው ይላሉ ብዬ ዝም አልኩ።»

ተናደድኩ። በእናቴ ላይ መናደድ ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። «እማዬ፣ እናቱ የሞተችበት ሰው የፈለገውን ይለምናል። እምቢ ማለት ያለበት መዘውሯን የያዘው ነው። ፋና ሦስት ጊዜ ለምናችኋት ሦስት ጊዜ እምቢ አለቻችሁ» አልኳት።

ፋናን ውጫሌ አገኘኋት። ወረዳው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፤ ደብተርና እስክሪብቶም ትሸጣለች። ጠጉሯ ሸብቷል። ስሜን ነገርኳት። «የዘይቱና ልጅ» አለች፤ ማሽኑን አላቆመችም። ሁሉንም አወራኋት። የባድሩን ጣት፣ ጫማውን፣ «አጎቴ» ያልኩትን። እሷ የአንድ ገበሬ የመሬት ደብተር ገጽ በገጽ እየገለጠች ታነሣለች።

«ይሄን ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ» አለችኝ።

አፈርኩ። ከዚያ የውሃውን ነገርኳት። እናቴ አለመጠጣቷን፣ እኔ ግጥም አድርጌ ጠጥቼ «ጠጣች» ማለቴን። እጇ ማሽኑ ክዳን ላይ ቀረ።

«ምን ያህሉን?»

«ሁሉንም።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ያን ሁሉ ውሃ እያጠጣኋት ኩላሊቷ ለምን እንደዚያ ሆነ ብዬ አሥራ አራት ዓመት አስቤያለሁ» አለች። «ከፍጥነቱ ሌላ እኔ የሳትኩት አለ ብዬ። ቆጠራ ተሳስቼ ይሆን ብዬ። ሁለቱንም ቀን ከልቤ እየደጋገምኩ ቆጥሬያለሁ።» ገበሬው ደብተሩን እንድትመልስለት ቆሞ ይጠብቃል። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። «ይሄንን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ። የመዘውሯን ነገር ግን እኔ አውቀዋለሁ። ሂጂና እያወቁ ዝም ላሉት ንገሪያቸው።»

ባድሩ ክሊኒኩን አስፍቶ ፎቅ አድርጎታል። በዚህ ወር ለኔ ሥራ ሰጠኝ፤ የፋናን ቦታ። የቤተሰባችን ልጅ ተመርቃ በቤተሰባችን ክሊኒክ ልትሠራ ነው ተብሎ ያለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እዚያው ግቢ ዱዓ ተጠራ። ሸህ ሀሚዱ አሁን ሰው ደግፏቸው ነው የሚቀመጡት። አባቴ አለ። ከአምስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሞቷል፤ ሦስቱ በዚያን ቀን እንደነበሩት አባቴን ከመሐል አድርገው ተቀምጠዋል፤ ባድሩም ከወንድሞቹ ጋር። እናቴ ከሴቶቹ ጋር በረንዳው ላይ ናት። ሸህ ሀሚዱ እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ፣ «ሸህ፣ ከዱዓው በፊት አንድ ያልመለስኩት ጥያቄ አለብኝ» አልኩ።

«ምን ጥያቄ ልጄ?»

«ሲስተር ፋና እዚህ ቆማ የጠየቀችኝ። ከመዝጋቷ በፊት መዘውሯን የነካው ባድሩ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ፋና እናቴን አዳነቻት እንጂ አልጎዳቻትም። ውሃውን ደብቄ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ስሟ የጠፋው እዚህ ምንጣፍ ላይ ነው፤ የሚታጠበውም እዚሁ ነው። እዚህ ቤት አልሠራም።»

ባድሩ «ልጅቱ ምን ነክቷታል?» ብሎ ሊሥቅ ሞከረ። ከበረንዳው የእናቴ ዱላ ሲሚንቶውን መታው። «እውነቷን ነው» አለች እናቴ። «ክፈት ያልኩት እኔ፣ የከፈተው እሱ።» ከዚያ በኋላ የሚሥቅ አልነበረም። አባቴ ምንጣፉን ያያል፤ ያኔ እንዳየው።

ሸህ ሀሚዱ ነገሩን ማብረድ የለመዱ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። «አንች ያኔ ሕፃን ነበርሽ። አላህ ሕፃንን አይጠይቅም። በዚህ ራስሽን አታቃጥይ።»

«አውቃለሁ፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አልኳቸው። «እናንተስ ያኔ ስንት ዓመታችሁ ነበር?»